ሦስት ፓነል በአንድ ገመድ፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ያመጣሁት ትምህርት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ። ከተማ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ከገጠር ስልክ ይደወልላችኋል፦ «ሶላር ግዛልን፣ ባትሪ ላክልን» ትባላላችሁ። ትገዛላችሁ፣ ትልካላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ሄዳችሁ ትገጥማላችሁ። ይህን የምጽፈው እኔ ያጠፋሁትን እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። ሞባይልና ሬዲዮ እጠግናለሁ። የተወለድኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ሲሆን የእናቴ ወገኖች ላይ ጋይንት ናቸው። አጎቴ የሚኖሩት ከነፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ባለ የደጋ መንደር ነው። ነፋስ መውጫ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ በምዕራብ በኩል ይታያል። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚሄደው መንገድ በከተማዋ ያልፋል፣ የመብራት ምሰሶም መንገዱን ተከትሎ ይታያል። አጎቴ መንደር ግን ምሰሶው ከሩቅ የሚታይ ነገር እንጂ የሚያበራ ነገር አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ አጎቴ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ አንተ የመብራት ሰው ሆነሃል አሉ። ሰባት አባወራ ሆነን ገንዘብ አዋጥተናል። አንተ ግዛልን፣ አንተው ትከልልን። ካንተ የሚቀርበን ማን አለ?»

ደስ አለኝ፤ ልክ እንደ ትልቅ ሰው ተቆጠርኩ። ገንዘቡ የትም የወደቀ ገንዘብ አልነበረም። አንዱ በግ ሸጧል፣ አንዱ ወይፈን ሸጧል፣ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት የጠላፊ ልጇ ሠርታ ያጠራቀመችውን ሰጥታለች። ይህ ሁሉ እጄ ላይ የተቀመጠ አማና ነበር።

ባሕር ዳር ወርጄ እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሆኑ ሦስት ፓነሎች፣ አንድ 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት ባትሪ፣ አምፖሎችና አንድ ኮንትሮለር ገዛሁ። ኮንትሮለሩ ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከተራው ይወደዳል። ነጋዴው ዕቃውን ሲያስረክበኝ «ስንቱን በሲሪየስ ልታያይዝ ነው?» አለኝ። «እኔ እኮ ባለሙያ ነኝ» አልኩት። «እሺ፣ ከሁለት እንዳታልፍ» አለኝ። ሰማሁት፤ ግን አላዳመጥኩትም። ሰው ባለበት ለምን ብሎ መጠየቅ አላዋቂ የሚያስመስለኝ መሰለኝ።

መንደሩ ስደርስ የአጎቴ ቤት ዙሪያውን በባሕር ዛፍ የተከበበ ነው። ጣሪያው ላይ ፓነል ብሰቅል ከሰዓት በኋላ ጥላ ይወርድበታል። ስለዚህ ፓነሎቹን አውድማው ጠርዝ ላይ፣ ከቤቱ ከ30 ሜትር በላይ ርቀት፣ በእንጨት ቆጥ ላይ አቆምኳቸው። የያዝኩት ገመድ ቀጭን ነው። ሲሪየስ ያሰብኩት እዚህ ላይ ነው።

ሲሪየስና ፓራለል ምን እንደሆኑ ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ፏፏቴ አስቡ። አንዱ ፏፏቴ ከሌላው በላይ ሆኖ ውኃው ከላይ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ታች ሲወርድ ከፍታው ይደመራል፣ የውኃው መጠን ግን ያው ነው። ሲሪየስ ይህ ነው፤ የአንዱ ፓነል ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ይያያዛል፣ ቮልቱ ይደመራል፣ አምፔሩ ባለበት ይቆያል። በአንጻሩ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን መጥተው ቢገናኙ ከፍታው ያው ሆኖ ውኃው ይበዛል። ፓራለል ይህ ነው፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ይያያዛል፣ አምፔሩ ይደመራል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራው የብረት ክቦችን አንዱን በሌላው ላይ ደራርቦ ነው፤ ያ ድርድር ሲሪየስ ነበር። ዛሬ «ቮልት» የምንለውም ከስሙ የመጣ ነው።

የእኔ ስሌት እንዲህ ነበር። አንዱ ፓነል ሲሠራ 20 ቮልትና 5 አምፔር ይሰጣል። ሦስቱን ፓራለል ባደርግ 20 ቮልትና 15 አምፔር ነው። ሲሪየስ ባደርግ 60 ቮልትና 5 አምፔር ነው። ኃይሉ በሁለቱም 300 ዋት ነው። ገመድ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ግን አምፔሩን ተከትሎ ነው፤ አምፔሩ ሦስት እጥፍ ሲሆን ብክነቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በቀጭን ገመድ ለረጅም ርቀት ሲሪየስ ይሻላል። ይህ ስሌት ዛሬም ልክ ነው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነበር።

ኮንትሮለሩ ላይ የሚችለው ከፍተኛ ቮልት 75 እንደሆነ ተጽፏል። ቀትር ላይ ሦስቱን በሲሪየስ አያይዤ በቴስተር ስለካ 67 ቮልት አነበብኩ። «8 ቮልት ትርፍ አለን» ብዬ ገጠምኩት። ሠራ። ያን ማታ ሰባቱም ቤት በራ። ሽማግሌዎች መረቁኝ። 12ኛ ክፍል የምትማረው የአጎቴ ልጅ ኩራዟን ወደ ጓዳ አስገብታ በአምፖል ስታጠና አየሁ። ወላሂ፣ ከዚያ በፊት በሠራሁት ሥራ እንደዚያ ማታ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መብራቱ የቆየው አንድ ወር ከምናምን ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ውርጭ ወረደ። ጋይንትን የምታውቁ የኅዳርና የታኅሣሥን ንጋት ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። አጎቴ ደወሉ።

«መብራቱ ደከመ ልጄ። ያች አረንጓዴ የምትለዋ መብራት ጠፍታለች።»

ሳላይ፣ ሳልመረምር፣ «ጋሼ፣ ዕቃው ብልሹ ነው። ነጋዴው አታሎኛል» አልኳቸው።

ይህች ቃል ካፌ ስትወጣ ቀላል ነበረች። ማታውን ሰባቱ ቤት «የባሕር ዳሩ ነጋዴ ሌባ ነው» ሲባል አደረ። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ነፋስ መውጫ ደረሰ። ሱቁን የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያ እንዳትገዙ እያለ ለሌሎች ነገረ። የአጎቴ ልጅ ኩራዟን ከጓዳ አወጣች።

ኮንትሮለሩን ነቅዬ ባሕር ዳር ሄድኩ። ደንበኞች ባሉበት ጮህኩበት። ሰውየው አልተቆጣም። ዕቃውን ተቀብሎ ፈታውና ጥቁር ሆኖ የተቃጠለውን ቦታ አሳየኝ። ከዚያ እንዲህ ተነጋገርን፦

«ስንት ፓነል ነው?»

«ሦስት።»

«ሁሉም በሲሪየስ?»

«አዎ።»

«አገሩ የት ነው?»

«ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ አካባቢ።»

ከመደርደሪያው ተመሳሳይ ፓነል አውጥቶ ጀርባውን ገለበጠ። የተለጠፈውን ወረቀት እንዳነብ ጠቆመኝ። ምንም ሳይያያዝበት የሚሰጠው ቮልት 24.3 ይላል። ሦስት ጊዜ 24.3 ማለት 72.9 ነው። «ይህ ቁጥር ግን» አለኝ «ፓነሉ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። ፓነል ሲሞቅ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሲበርደው ይወጣል። በአንድ ዲግሪ 0.3 በመቶ ገደማ ነው።»

እርሳስ ይዞ ካርቶን ላይ ጻፈልኝ። ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ፓነል 50 ዲግሪ ቢደርስ ከ25 በ25 ዲግሪ ይበልጣል። 25 ጊዜ 0.3 ማለት 7.5 በመቶ ነው። 72.9 በ7.5 በመቶ ሲቀንስ 67.4 ይሆናል። እኔ በቴስተር ያነበብኩት ቁጥር! በንጋት ፓነሉ 5 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ ከ25 በ20 ዲግሪ ያንሳል። 20 ጊዜ 0.3 ማለት 6 በመቶ ነው። 72.9 በ6 በመቶ ሲጨምር 77.3 ይሆናል። ኮንትሮለሩ የሚችለው 75 ነው።

ሌላም ነገር ነገረኝ። አምፔር ለማግኘት ጠንካራ ፀሐይ ያስፈልጋል፤ ቮልት ግን ገና ብርሃኑ ሲነካው ሙሉ ለሙሉ ሊደርስ ትንሽ የቀረው ይሆናል። ስለዚህ ለኮንትሮለር አደገኛው ሰዓት ቀትር አይደለም። ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ ባደረበት ጠዋት፣ ፀሐይ ከተራራው ብቅ ስትል፣ ፓነሉ ገና ሳይሞቅና ኮንትሮለሩ ገና ኃይል መሳብ ሳይጀምር ያለው ጊዜ ነው። እኔ የለካሁት ልክ ነበር፤ የለካሁበት ሰዓት ነው ልክ ያልነበረው።

«ከሁለት እንዳታልፍ ብዬህ ነበር» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ከሱቁ ስወጣ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ዝም ማለት ነው። መንደር ውስጥ የሚያውቅብኝ የለም። «አዲስ ገዛሁላችሁ፣ የድሮው ብልሹ ነበር» ብል ጭራሽ እመረቃለሁ። ይህን አሰብኩት፣ አልዋሻችሁም። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር መኪና ውስጥ ሳስበው መጣሁ። ያልለቀቀኝ ግን የተቃጠለው ዕቃ አይደለም። ዕቃ ገንዘብ ነው፣ ሠርቶ ይተካል። ያልለቀቀኝ የሰው ሐቅ ነው። አንድ ሰው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔን በደግነት መክሮ፣ እሱ በማያውቀው አገር ሌባ ተብሏል። ያስባልኩት እኔ ነኝ።

ጋይንት ሄድኩ። ሰባቱን አባወራ አጎቴ ሰበሰቡልኝ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነጋዴው አስጠንቅቆኝ ነበር። ዋሽቼባችኋለሁ» አልኳቸው። ዝም ተባለ። አንዱ ጎረቤት ተቆጡ፤ «ወይፈኔን የሸጥኩት አንተ እንድትማርበት ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አጎቴ ቆይተው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ዕቃውስ ይተካል። የሰውየውን ስም እንዴት አድርገህ ነው የምትተካው?»

መልስ አልነበረኝም። በገበያ ቀን ነፋስ መውጫ ወርጄ ወሬውን ያወሩትን አንድ በአንድ እየፈለግኩ «ሰውየው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። አንዳንዱ ሳቀብኝ። አንዳንዱ «እሱንስ መቼ አመንነው» አለ፤ ያመነውንም የነገረውንም እኔ አውቀዋለሁ። ከዚያ ባሕር ዳር ተመልሼ ነጋዴውን «አውፍ በለኝ» አልኩት። «አውፍ ብያለሁ» አለኝ። 100 ቮልት የሚችል ኮንትሮለር ከኪሴ ገዛሁ፤ የአምስት ወር ትርፌን በላው። ሦስቱ ፓነሎች በማንኛውም የጋይንት ውርጭ 80 ቮልት ቢደርሱ ነው፤ 100 አይነኩም። አልሐምዱ ሊላህ፣ ከዚያ ወዲህ አልተቃጠለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠያቂ ሆንኩ። ስጠይቅም ብዙ አገኘሁ። ሁለት ነገር ልጨምርላችሁ።

የመጀመሪያው ስማዳ ነው። ከወገዳ ወደ በሽሎ ቁልቁል ስትወርዱ አገሩ ይሞቃል። እዚያ ሞባይል ቻርጅ በማድረግ የሚተዳደሩ አንድ ትልቅ ሰው «ባትሪዬ አይሞላም፣ ሁለት ፓነል አለኝ፣ ከአንድ ፓነል ባለቤት ግን አልተሻልኩም» ብለው አስጠሩኝ። አየሁት። ሁለት 100 ዋት ፓነሎች በሲሪየስ ተያይዘዋል፣ ኮንትሮለሩ ተራው ፒደብሊውኤም የሚባለው ነው፣ ባትሪው አንድ 12 ቮልት ነው። የገጠመላቸው ልጅ «ሲሪየስ ጉልበት ይጨምራል» ብሏቸዋል።

ተራው ኮንትሮለር ቮልት መቀየር አይችልም። ፓነሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር እያገናኘ፣ ባትሪው ሲሞላ የሚያቋርጥ በር ነው። ፓነሉ 36 ቮልት ይዞ ቢመጣም ባትሪው ወደ 13 ቮልት ይጎትተዋል፤ የቀረው ቮልት ሥራ ላይ አይውልም። አምፔሩ ደግሞ በሲሪየስ አይደመርም፣ 5.5 ብቻ ነው። 13 ጊዜ 5.5 ማለት 72 ዋት ገደማ ነው። ከ200 ዋት ፓነል 72 ዋት! እነዚያኑ ፓነሎች ፓራለል ብናደርጋቸው 11 አምፔር ይሰጣሉ፤ 13 ጊዜ 11 ማለት 143 ዋት ነው። ኤምፒፒቲ ቢሆን ኖሮ ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር እየቀየረ ከ200 ዋቱ አብዛኛውን ያስገባ ነበር። ሲሪየስና ተራ ኮንትሮለር በ12 ቮልት ባትሪ ላይ አይጋቡም ማለት ነው።

አስር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ገመዱን ፈትቼ ፓራለል አደረግኩት። ምንም ዕቃ አልተገዛም ማለት ይቻላል፤ ሁለት መጋጠሚያ ብቻ ነው። ሰውየው አምፔሩ እጥፍ ሲሆን አይተው «አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሳይሞላልኝ የቀረው በሽቦ አሳሰር ነው?» አሉኝ። አዎ፣ በሽቦ አሳሰር ነው። የሚያሳዝነው ባትሪው ነው። የሊድ ባትሪ ሁልጊዜ በጎዶሎ ሲያድር ሰሌዳዎቹ ላይ የሰልፌት ቅርፊት ይጋገራል፤ ሲቆይ አይለቅም። ዓመት ሙሉ ያልሞላው ባትሪ ግማሽ ጉልበቱን አጥቶ ነበር።

ስማዳ ሌላም አስተማረችኝ። በቆላ ሙቀት ፓነል 65 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ያኔ በሥራ ላይ 18 ቮልት የሚሰጠው ፓነል ወደ 15 ይወርዳል። ባትሪውን ሞልቶ ለመጨረስ ደግሞ 14.4 ያስፈልጋል። «12 ቮልት» የሚባል ፓነል 18 ሆኖ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ሙቀቱ የሚበላው ታስቦለታል። እንግዲህ በጋይንት ብርዱ ቮልት ሰቅሎ ዕቃ አቃጠለብኝ፣ በስማዳ ሙቀቱ ቮልት አውርዶ ትርፍ ያሳጣል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስሌት አለ። ባትሪውንም ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር አውርጄ ቀዝቃዛ ጥግ መሬት ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ የባትሪ ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳልና።

ሁለተኛው እስቴ ነው። ኳስ የሚያሳይ አብሮ አደጌ አለ፤ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ባለ ቀበሌ ቴሌቪዥንና ኢንቨርተር ይዞ ይሠራል። ሁለት ባትሪ በሲሪየስ አያይዞ 24 ቮልት አድርጎታል። አንዱ ሲደክምበት አንዱን ብቻ በአዲስ ቀየረ። ለመቆጠብ ነው። ከሁለት ወር በኋላ «ቤቱ የተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል» ብሎ ደወለልኝ። ፈጥኜ «ሻማም ክብሪትም እንዳታቀርብ፣ በሩን ክፈተው» አልኩት። ያ ሽታ ባትሪ ከልክ በላይ ቻርጅ ሲደረግ የሚያወጣው ጋዝ ነው፤ ሽታ የሌለው የሚፈነዳ ሃይድሮጂንም አብሮት ይወጣል።

ሄጄ ስለካ ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ላይ 28.8 ቮልት ናቸው። ኮንትሮለሩ ደስ ብሎታል፤ እሱ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። ለየብቻ ስለካቸው ግን አዲሱ 13.5፣ አሮጌው 15.3 ነው። በሲሪየስ የሚያልፈው አምፔር ለሁለቱም እኩል ነው። አሮጌው አቅሙ ስለቀነሰ ቶሎ ይሞላል፣ ከሞላ በኋላም ይገፋበታል፣ ይፈላል። አዲሱ ገና አልሞላም። ማታ ሲጠቀሙ ደግሞ አሮጌው ቀድሞ ያልቃል። ገደል አፋፍ ባለ ቀጭን መንገድ ተከታትለው የሚሄዱ አህዮች አስቡ፤ የደከመችው ሁሉንም ትይዛለች። ፓነልም እንዲሁ ነው፤ በሲሪየስ ከተያያዙት የአንዱ ላይ ጥላ ቢያርፍ የሁሉም አምፔር ይወርዳል። ውስጣቸው ያለው ዳዮድ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

አብሮ አደጌን «አሮጌውን ለብቻው ለአንድ አምፖል ተጠቀምበት፤ ለሲሪየስ ግን ሁለት በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነትና አንድ መጠን የሆኑ ባትሪዎች ያስፈልጉሃል» አልኩት። ገንዘብ አልነበረውም። እስኪያገኝ ድረስ ሁለት ወር ኳስ አላሳየም። ለመቆጠብ ያደረገው ነገር ገበያውን አዘጋው።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ወደ ገጠር ሶላር ስትልኩ ወይም ስትገጥሙ ይህችን ያዙ፦

1. የፓነሉን ጀርባ አንብቡ። ምንም ሳይያያዝበት የሚሰጠውን ቮልት በሲሪየስ በምታያይዙት ብዛት አባዙ። ለደጋ 10 በመቶ ጨምሩበት። የተገኘው ቁጥር ኮንትሮለሩ ከሚችለው ማነስ አለበት። ቀትር ላይ በተለካ ቁጥር አትመኑ።

2. ኮንትሮለሩ ተራ ፒደብሊውኤም ከሆነና ባትሪው 12 ቮልት ከሆነ ባለ 18 ቮልት ፓነሎችን ፓራለል አድርጉ። ሲሪየስ የሚጠቅመው ኤምፒፒቲ ሲኖር፣ ወይም ባትሪው 24 ቮልት ሲሆን ነው።

3. በሲሪየስ የምታያይዙት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ፓነልም ባትሪም። አንዱን ዛፍ ሥር፣ አንዱን ሜዳ ላይ አታድርጉ።

4. ስትገጥሙ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር አስቀድሙ፣ ፓነሉን አስከትሉ። ስትፈቱ ፓነሉን አስቀድሙ፣ ባትሪውን አስከትሉ። ብዙ ኮንትሮለር 12 ይሁን 24 የሚለየው ባትሪውን አይቶ ነው።

5. ፀሐይ ላይ እያለ የሲሪየስ መጋጠሚያ አትንቀሉ። የሶላር ኃይል ሲቋረጥ እሳት ይዘረጋል፣ ቶሎም አይጠፋም። ፓነሉን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ ሥሩ። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑር። ሦስትና አራት ፓነል በሲሪየስ ሲሆን ቮልቱ ሰው ይጎዳል፤ ልጆች እንዳይደርሱበት አጥሩት።

6. የሊድ ባትሪን ከግማሽ በታች አታውርዱ። ሥራ ሳይኖርበት ቆይቶ ሲለካ 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ አካባቢ ነው። 12.2 ላይ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ አምፖሉ ይቆይ።

7. ፓነሉን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ አዘንብሉት። በአገራችን በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ግን ያኔ ደመና ነው፣ ብዙው ፀሐይ የሚገኘው በበጋ ነው። ዘንበል ያለ ፓነል ዝናብ ራሱ ያጥበዋል። በበጋ አቧራውን በውኃና በለስላሳ ጨርቅ አንሡ፤ ያንንም በማለዳ፣ መስተዋቱ ሳይሞቅ።

8. ሒሳቡን ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩ። አጎቴ መንደር ሰባት ባለ 5 ዋት አምፖሎች 4 ሰዓት ሲበሩ 140 ዋት-ሰዓት ነው። ሞባይሎቹና አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ሲጨመሩ ወደ 420 ይደርሳል። 200 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በ12 ቮልት 2,400 ነው፣ ግማሹ 1,200። ስለዚህ ደመና ቢውል ሁለት ቀን ከምናምን ይቋቋማሉ። ክረምት ላይ ያዋጣቸው ይህ ትርፍ ነው።

ነገሩ ትልቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ይፋ የሆነው የአገሪቱ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማዳረሻ ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉም ሰው ጋ ለመድረስ ሲያስብ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ እንደ ሶላር ባለ ከመስመር ውጪ በሆነ መንገድ ብሎ ነበር። ጊዜው ደርሶ አለፈ፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ኩራዝ ገና አልጠፋም። ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት በእኛው ክልል በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባል መንደር ከ2,000 በላይ ቤቶች ሶላር ሲገባላቸው፣ አብሮ የሶላር ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ተከፍቶ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ፓነል መላክ ቀላል ነው፤ የሚያውቅ ሰው ማስቀመጥ ነው ከባዱ። ዕቃው ብቻ ደርሶ ዕውቀቱ ካልደረሰ እንደ እኔ ያለ ልጅ ይደርስበታል።

ስለዚህ ሥራ የምትፈልጉ ወጣቶች፣ ይህን ተማሩት። ቴስተርና ትዕግሥት ካላችሁ ጀምሩ። ግን የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ። «አላውቅም» ብል ኖሮ ነጋዴው በሁለት ደቂቃ ያስረዳኝ ነበር፤ በአምስት ወር ትርፌና በአንድ ሰው ስም ተማርኩት።

የአጎቴ ልጅ ያን ዓመት ፈተናዋን አለፈች። ለሦስት ሳምንት ያህል በኩራዝ ያጠናችው በእኔ ምክንያት እንደሆነ ነግሬያታለሁ። «ዓይኔን አሞኝ ነበር» ብቻ አለችኝ። ባለፈው ጋይንት ስሄድ አጎቴ ጠዋት በውርጭ ወደ አውድማው ይዘውኝ ወጡ። ኮንትሮለሩ ላይ ያለውን ቁጥር ራሳቸው አነበቡልኝ፦ «78። መቶ አይደርስም አይደል?» አሉኝ።

«አይደርስም ጋሼ» አልኳቸው።

«ለካኸው?»

«ለክቼዋለሁ።»

«በስንት ሰዓት?» አሉኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም!